ናዝሬት ችሎት የገባው አበባ

ባለፈው ሳምንት ሬዲዮው የአደንዛዥ ዕፅ ሕጉ ሊሻሻል፣ ቅጣቱም ሊጠነክር መሆኑን ሲያወራ የእህቴ ልጅ «ይበላቸው» አለች። እኔም ይበላቸው ባይ ነኝ፤ ሐሺሽ ስንቱን ጎረምሳ አፍዝዞ እንዳስቀረ አይቻለሁ። ግን ኦቦ ገመቹ ትዝ አሉኝና ሳቄ መጣ።

በደርግ ጊዜ ነው። ከእርሻ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ ሁሩታ አጠገብ ካለ መንደር ተመደብኩ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጃገረድ ነኝ፤ አገር የማቀናው እኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ኬናፍ የሚባል፣ ከልጡ ጆንያና ገመድ የሚሠራ ተክል ለሙከራ እንዳስተክል ዘር ተሰጠኝ። ገበሬው ሁሉ እምቢ ሲለኝ ኦቦ ገመቹ ብቻ ከጓሯቸው ቆርሰው ሰጡኝ። ለገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መንገር ነበረብኝ፤ ሰውዬው ሲበዛ ይኮራብኝ ስለነበር እልህ ይዞኝ አልነገርኩትም።

ነሐሴ ላይ ሊቀ መንበሩ ናዝሬት ስብሰባ ሄዶ፣ ስለ ሐሺሽ ቅጣት ተነግሮት፣ የቅጠሉንም ሥዕል ይዞ ተመለሰ። የኬናፍ ቅጠል ደግሞ ጣት ጣት ያለው፣ ቁርጥ ሐሺሽ ነው። በማግስቱ ኦቦ ገመቹን አስረው ወሰዷቸው። በደረቁ ጦስ እርጥቡ ይነዳል ማለት ይኼ ነው። ስንት ዓመት ሊፈረድባቸው፣ ጥፋቱ ግን የኔ!

አለቃዬ ተክሉ ኬናፍ መሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ለመጻፍ ፈራ። ብቻዬን ችሎት ቀርቤ ብናገር ዐቃቤ ሕጉ ደረቁን ቅጠልና ሥዕሉን ጎን ለጎን ዘረጋቸው፤ ማን ይስማኝ? ሲያብብ ይለያልና ቀጠሮ ይሰጠን ብዬ ለመንኩ። ዳኛው ለመስከረም መጨረሻ ቀጠሩን።

የኬናፍ አበባ ጠዋት ፈክቶ ቀትር ላይ ይከደናል። በቀጠሮው ቀን ጎህ ሲቀድ አንዱን ከነሥሩ ነቅዬ፣ ከባለቤታቸው ከአዴ ብርቂ ጋር አውቶቡስ ብሳፈር ረዳቱ ሐሺሽ አልጭንም ብሎ አወረደን። ሽንኩርት የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ለምነን ጆንያው ላይ ወጣን። መንገዱ ግራ ቀኙ ቢጫ አበባ ለብሷል፤ እኔ ግን ዓይኔ ፀሐይዋ ላይ ነበር። አዴ ብርቂ ተክሉን በነጠላቸው ከልለው፣ በሌላው እጃቸው ጭኮ እያጎረሱኝ ናዝሬት ገባን።

ችሎቱ ሲሰየም አበባው አልተከደነም። መዳፍ የሚያህል፣ ነጣ ያለ፣ መሐሉ ወይን ጠጅ ነው። ዳኛው ከወንበራቸው ወርደው አገላብጠው አዩት። ሐሺሽ እንዲህ ያለ አበባ እንደሌለው፣ ይኼ የባሚያ ዘመድ እንደሆነ አስረዳሁ።

«ታዲያ ምን ይሠራል?» አሉ።

አዴ ብርቂ አፌን አልጠበቁም። ግንዱን ልጠው፣ ልጡን ጭናቸው ላይ ፈትለው ገመድ አደረጉትና ለዐቃቤ ሕጉ ሰጡት።

«እንካ ልጄ፣ በጥሰው።»

ፊቱ እስኪቀላ ሳበው፤ ወይ ፍንክች! ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ኦቦ ገመቹ በነፃ ተለቀቁ፤ ደስታዬን የት ላድርሰው!

ናዝሬት ጥብስ እየበላን ለሊቀ መንበሩ ሳልነግር የቀረሁት በእልህ መሆኑን ለኦቦ ገመቹ ነገርኳቸው። «ብትሸሺ ነበር ጥፋቱ» አሉኝ። በዓመቱ ሊቀ መንበሩ ራሱ ዘር ለመነኝ፤ አስለምኜ አስለምኜ ሰጠሁት።

ይህን ሁሉ ስነግራት የእህቴ ልጅ «ባያብብ ኖሮስ?» አለችኝ።

«እስኪያብብ አስቀጥር ነበራ» አልኳት። ሕጉን የሚያሻሽሉትም ቅጣቱን ሲያከብዱ እንዲህ ላለ ቀጠሮ ቦታ ይተዉለት።