ርብቃ ያላየችው ዝናብ

ርብቃ ሸጋው ቆሰበር በምትባል የደጋ ከተማ ዳር የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የአየር ጠባይ ጥናት ተማረች፤ ከዚያም አዲስ አበባ በአንድ የምርምር ተቋም ተቀጠረች። ሥራዋ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ትንበያ በእርግጥ ከዘነበው ጋር ማመሳከርና የተሳሳተበትን ፈልጎ ማረም ነበር።

አባቷ አቶ ሸጋው የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ ናቸው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሰው ይከባቸውና «ልጅዎ ምን አለች?» ይላቸዋል። እሳቸውም በስልክ የሰሙትን ለከተሜው በአማርኛ፣ ከገጠር ለመጣው በአውንጊ ይነግራሉ። ደስታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ከስምንት ዓመት በፊት፣ ኅዳር አጋማሽ ላይ፣ ገብሱ ሲደርስ ደወሉላት።

«ርብቄ፣ እንጨድ ወይስ እንቆይ? ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ከቆላው በኩል ደመና ሲወጣ አያለሁ።»

ርብቃ ካርታውን አየች። ደረቅ ነው።

«ይጨዱ አባባ። እስከ ሳምንት ዝናብ የለም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሰፈሩ ሁሉ በደቦ ወጥቶ አጨደ። ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ማናለብሽም ያላትን ገብስ በሙሉ አሳጨደች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ፤ ሁለት ቀን አላባራም። ነዶው መሬት ላይ እንዳለ ራሰ፤ ውሎ አድሮም እዚያው በቀለ። አቶ ሸጋው በዚያ ዶፍ የራሳቸውን ትተው የማናለብሽን ነዶ ሲሰበስቡና ላስቲክ ሲያለብሱ ዋሉ። እሑድ ደግሞ ጉባኤው ፊት ቆሙና፣ «ልጄ ተሳስታለች። እናንተ ግን ያመናችሁት እኔን ነው፤ ይቅር በሉኝ» አሉ።

ይህን ለርብቃ የነገራት የለም። ስትደውል አባቷ «ትንሽ አካፍቶ ነበር» ብለው አለፉት፤ በሰፈሩ የዝናብ መለኪያ ስላልነበረ እሷም አመነቻቸው። ሳል እንደያዛቸውም ደበቋት። ጥር ላይ ወንድሟ ዮናዳብ «ቶሎ ነይ» ሲላት በአውሮፕላን ባሕር ዳር ደርሳ ሚኒባስ ያዘች። ዳንግላ ላይ ስልኳ ጠራ፤ አባቷ አርፈዋል። አልደረሰችም።

ከቀብሩ በኋላ ነው ማናለብሽ ሁሉንም የነገረቻት። ርብቃ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እትዬ፣ ሳሉ የጀመራቸው ከዚያ ዝናብ ነው?»

ማናለብሽ ነጠላዋን አስተካከለች። «ደረታቸውን እኮ ድሮም ያማቸው ነበር» አለች።

ርብቃ ይህን መልስ እስከ ዛሬ አላመነችውም።

አዲስ አበባ ተመልሳ የዚያን ሳምንት ትንበያ ከሥሩ መረመረች። ኮምፒውተሩ አገሩን በሰፋፊ አራት ማዕዘን ከፍሎ ለእያንዳንዱ አንድ ከፍታ ይሰጠዋል። ደጋውና ከሥሩ ያለው ቆላ በአንድ ማዕዘን ስለገቡ ጋራው ከእውነተኛ ቁመቱ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ከቆላው የተነሳው እርጥብ አየር ጋራውን ወጥቶ ሲቀዘቅዝና ዝናብ ሲሆን ኮምፒውተሩ አላየውም። አባቷ ግን በዓይናቸው አይተው ነግረዋት ነበር። ስለ ደመናው አንድም ጥያቄ አልጠየቀቻቸውም።

ስድስት ዓመት በዚሁ አለቀ። ማዕዘኖቹን እያጠበበች ደግማ ደጋግማ አሰላች፤ ጥናቷ ሁለት ጊዜ «ገና ነው» ተብሎ ተመለሰባት። ዕረፍት ስታገኝ በቆሰበር አቅራቢያ አዘናና ግምጃ ቤት ወደሚባሉት ከተሞች እየወረደች መምህራን በየትምህርት ቤቱ ዝናብ እንዲለኩላት ለመነች። ሽማግሌዎችን የኅዳር ዝናብ በየት በኩል እንደሚመጣ እየጠየቀች ጻፈች። አንዱ «አባትሽ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር» ሲላት ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች።

አምና ኅዳር አዲሱ ስሌት ዝናብ አሳየ። ለዮናዳብ እንዲህ ብላ ላከች፦ «ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሊዘንብ ይችላል፤ ከአሥር ሰባት ያህል ዕድል አለው። ላይዘንብም ይችላል። ያጨደ ሰው ግን ይከምር።» እሱም በጸሎት ቤቱ አነበበው።

ረቡዕ ዘነበ። ሐሙስ ጠዋት ማናለብሽ ደወለች።

«ሁሉም ተከምሯል፤ አንድ ነዶ ሜዳ ላይ አልቀረም። ጋሽ ሸጋው ይህን ሳያዩ...»

«ተመስገን እትዬ» አለች ርብቃ።

ባልደረቦቿ ሰምተው እንኳን ደስ አለሽ ሊሏት መጡ። ይቅርታ ጠይቃቸው ወጣችና ደረጃው ላይ ብቻዋን ተቀምጣ አለቀሰች። ስትመለስ የከሰዓቱ ትንበያ ገና አልተጻፈም ነበር። ወንበሯን ስባ ጀመረችው።