የባለቤቴ ረጅም ሰላምታ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው መርሳ ያለችውን ትንሿን ክሊኒካችንን ጠርገን መክፈት ነበር። እሳቸው ሐኪም፣ እኔ ነርስ ነበርን። የወልድያ መንገድ በጦርነቱ ተዘግቶ እሳቸው ራሳቸው የሚወጉት የስኳር በሽታ መርፌ አልቆባቸው ነበር።

በዚያ ጠዋት በአቅራቢያችን ካለችው ከግራና ከተማ አንድ ወጣት መጣ። ወንድ ይወዳል ተብሎ ስለተወራበት፣ ሌላ ቦታ ሲታከም ሠራተኞቹ ተጠራርተው ስቀውበት የኤችአይቪ መድኃኒቱን አቋርጦ ነበር። በር ላይ ሲደርስ ወረፋ የያዙት መንሾካሾክ ጀመሩ። ሊመለስ ዞረ።

ባለቤቴ ተነሥተው እጁን ያዙት። ሐሜት የሚወራበት ታካሚ ሲመጣ ሁልጊዜ ሰላምታቸውን በሁሉ ፊት ያረዝሙ ነበር።

«እንዴት ከረምክ? እናትህስ? ማሽላው እንዴት ነው? በሬው ዳነ?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰላምታዎ ሳያልቅ እኛ ማለቃችን ነው!» አለች አንዲት ወረፋ ጠባቂ።

«ታገሺ፣ ያንቺንም በሬ እጠይቃለሁ።»

ሁሉም ሳቁ፤ ወጣቱም አብሮ ስቆ ገባ። የከተማው ጤና ጣቢያ በጦርነቱ እንዳይዘረፍበት ብሎ እኛ ዘንድ በአደራ ካስቀመጠው የኤችአይቪ መድኃኒት ሰጡት።

በማግሥቱ ባለቤቴ የስኳር መርፌው ሳይደርስላቸው አረፉ። ወንበራቸው ባዶ ነው። ክሊኒኩን አሁን ብቻዬን እከፍታለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ እንደዚያ ወጣት ያሉ ታካሚዎችን እንዴት እንደሚቀበሉ ወጣት ነርሶችን አስተምራለሁ።