የዝላቲና አንገት

ዝላቲና የባሕር ወደቧ ከተማ ቫርና ወርዳ አራት ዓመት ሙሉ ዓለም አቀፍ ንግድ ተማረች። ውሉ፣ ጉምሩኩ፣ የመርከብ ጭነቱ፣ ምኑ ቅጡ! እሷ ግን ከሁሉም በላይ የምትኮራው አንገቷን በመግራቷ ነበር። እኛ ቡልጋሪያዎች እሺ ስንል ራሳችንን ግራና ቀኝ እንወዘውዛለን፤ እምቢ ስንል ከላይ ወደ ታች እንነቀንቃለን። የውጭው ሰው ደግሞ ግልባጩ ነው። እናም ጓደኞቿ ባንክና መርከብ ድርጅት ሥራ ሲያፈላልጉ፣ ይቺ ጉደኛ መስታወት ፊት ቆማ እንደ ውጭ ሰው እሺ ማለት ትለማመድ ነበር።

ተመርቃ ቤት ስትገባ አባቷ ስታመን ማረሻውን ትራክተሩ ላይ አስሮ ጠበቃት። ላቬንደር ከሚባለው የሽቶ አበባ የሚጨመቀው ዘይት ገዢ ጠፍቷል፤ በርሜሎቹ መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ቀርተዋል። ስለዚህ ላቬንደሩን ነቅሎ ስንዴ ሊዘራ ነው። ሟች እናቷ በእጇ የተከለችው ማሳ ነበር። ዝላቲና ለምና ለማምና እስከ ቅዳሜ አስታገሰችው፤ በስንት ኢሜይልም ለዚያው ቀን አንድ ሆላንዳዊ ነጋዴ አስመጣች።

ሰውየው ዘይቱን አሸተተ፣ ወደደው፣ ደህና ዋጋ ጠራ። ዝላቲና በሠለጠነው አንገቷ እሺ ብላ ወደ ታች ነቀነቀች። ሰውየው ፊቱን ቅጭም አደረገና ትንሽ ጨመረ። መምህሮቿ እንዲህ ያለ ገዢ መኖሩን መቼ ነገሯት? ይበልጥ ነቀነቀች። አሁንም ጨመረ። በደስታ ልቧ ሊቆም ደረሰ፤ አንገቷን እስኪያማት ነቀነቀች። ይሄኔ ሰውየው ቦርሳውን ዘግቶ ወደ መኪናው ሄደ።

የውጭ ቋንቋ የማያውቀው ስታመን ጥግ ቆሞ ሲያይ ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ስትነቀንቂ ሰውየው ፊቱ የሚጠቁረው የኛን ደንብ ተምሮ ቢመጣ ነው። ምን አድርጎሽ ነው ሦስቴ እምቢ የምትይው?»

ዝላቲና ክው አለች። አንድ ጫማዋ እዚያው ወልቆ ቀረ፤ ሮጣ የመኪናውን መስኮት ደበደበችና ከመጀመሪያው ጀምሮ እሺ ማለቷ እንደነበር በአፏ ተናገረች። ሆላንዳዊው በሳቅ ፈረሰ። እሱም ለካ ሊመጣ ሲል ስለኛ አንገት አንብቦ፣ አዋቂ ልሁን ብሎ በኛ ደንብ ተረድቷት ነው። በመጀመሪያው ዋጋ ተጨባበጡ።

ስታመን ማረሻውን ከትራክተሩ ይፈታ ጀመር። ዝላቲና ብሎኑን ያዘችለት።

«ሁለቴ ጨምሮልን ነበር እኮ አባዬ» አለችው እያለቀሰች።

«ተይው» አላት። «እኔ ዛሬ ጠዋት ለትራክተሩ ነዳጅ ሞልቼለት ነበር።»