የነርስ ዳኘ ስድስተኛ ጥያቄ

ማቴዎስ በግብርና መሥሪያ ቤት የከብት ክትባት ሠራተኛ ነበር። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ሆሳዕና ይኑሩ እንጂ እሱ የወሩን ግማሽ የሚያሳልፈው በጊምቢቹ፣ በሀቢቾና በሀደሮ ገጠሮች ከብት ሲከትብ ነው። በ1981 ዓ.ም. እንቅልፍ እምቢ አለው። ልቡ ያለ ምክንያት ይመታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን በሬውን ስቶ የገዛ አውራ ጣቱን ወጋ። ይሄኔ አለቃው ታይቶ እንዲመጣ ወደ ጤና ጣቢያ ላከው።

እዚያ የተቀበለው አዲስ አበባ ስለ አእምሮ ሕመም ሠልጥኖ የመጣ ዳኘ የሚባል ነርስ ነው። የጎጃም ሰው ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በትሕትና ያወራል። ማቴዎስ በዚያ ዘመን ከቢሮ ሰው ትሕትና አይቶ ስለማያውቅ ገና ከመቀመጡ ጠረጠረው። ነርሱ በታይፕ የተመታ ወረቀት አውጥቶ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግብ ፍላጎቱ፣ ስለሚያስፈራው ነገር፣ ስለ መጠጥ፣ ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደሆነም ጠየቀው። ማቴዎስ ሁሉንም መለሰ። ስድስተኛው ላይ ዳኘ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣

«ከሴት ጋር መሄድን በተመለከተ፣ ሁለተኛ አልደግመውም ብለው ቆርጠው መተው ያቃተዎት፣ ኑሮዎን ወይም ሥራዎን የጎዳ ነገር አለ?» አለው።

ማቴዎስ ጥያቄው ለእሱ ብቻ የተጻፈ መሰለው። በየደረሰበት ከተማ ሴት ነበረችው። ደስ ብሎት አይደለም የሚሄደው፤ እግሩ ይወስደዋል፣ ሲመለስ ራሱን ይጸየፋል፣ ይምላል፣ በሳምንቱ ደግሞ እዚያው ነው። አንዴ ሀቢቾ ላይ ከሴት ቤት ሳይወጣ ውሎ ክትባቱን የሚያቀዘቅዘው በረዶ ቀልጦ የመንደሩ ክትባት በሙሉ ተበላሽቷል። ይህን ለሰው ተንፍሶት አያውቅም።

«የለም» አለ።

ነርሱ ምልክት አድርጎ ወደ ሰባተኛው አለፈ።

ማቴዎስ ወደ ቤቱ ሲሄድ ማን እንደነገረበት ያሰላስል ጀመር። ጸሎት ቤታቸው በደርግ ከታሸገ ወዲህ ጥቂት ምእመናን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በእሱ ቤት ተሰብስበው ይጸልያሉ፤ ቀበሌው ደግሞ የሚሰበሰቡትን ሰዎች ስም ይፈልጋል። በሴቶቹ ነገር አስፈራርተው አብረውት የሚጸልዩትን ወንድሞች ስም ሊያስለፈልፉት እንደሆነ እርግጠኛ ሆነ። ነርሱ ነርስ አይደለም ማለት ነው።

ቤት እንደገባ ሚስቱን ዓለሚቱን ጤና ጣቢያ ሄዳ ስለ እሱ ያወራችው ነገር እንዳለ ጠየቃት። ቆጮ እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋውን አስቀምጣ እንደ ልማዷ በበኩር ልጃቸው ስም ጠራችው።

«የኤሊያስ አባት፣ ስለ አንተ የሚወራ ምን አለ?»

ኮቱን ደርቦ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም ትጠረጥረው ጀመር። ከገጠር ሲመለስ ኮቱን እያነሳች ታሸታለች፤ የት እንዳደረ ትጠይቃለች።

ጎረቤታቸው እማማ ወለተ ማርያም ልጃቸው ለብሔራዊ ውትድርና ከተወሰደ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው እዚያው ዳኘ ዘንድ ይመላለሳሉ። ማቴዎስ አንድ ቀን ምን ምን እንደተጠየቁ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ሲያወጣጣቸው፣ አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ልጄ፣ ባሌ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው። ይኸው ሰውዬ እኔን ስለ ወንድ ጠየቀኝ። አንተ ጤና የለህም ወይ ስለው፣ የመጣውን ሁሉ ነው የምጠይቀው አለኝ።»

ማቴዎስ ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለ። ያወራበት ሰው የለም። ነገሩን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ከቀበሌው ይበልጥ የፈራውም ይህንኑ ለራሱ ማመንን እንደነበር ያኔ ገባው።

በሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሶ ሄደ። ጥርጣሬው ግን አልለቀቀውም፤ ሳይቀመጥ ወረቀቱ የት እንደሚሄድ ጠየቀ።

«እዚህ ሳጥን ውስጥ ይቆለፋል» አለ ዳኘ። «ከቀበሌ መጥተው ጠይቀውኝ ያውቃሉ፤ አልሰጠሁም። ነገ በግድ አይወስዱም ብዬ ግን አልምልልዎትም።»

ማቴዎስ ያመነው አልምልም ስላለው ነው። የሚናገረው እንዳይጻፍ ለመነ። ዳኘ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተና ማቴዎስ ሁሉንም በቃል ነገረው። ተግሣጽ ሲጠብቅ፣ ነርሱ ነገሩ የሚብስበት መቼ መቼ እንደሆነ ጠየቀው። እንቅልፍ አጥቶ ብቻውን ሲያድር እንደሆነ ማቴዎስ ራሱ ሲናገር ነው ያወቀው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመላለስ ጀመር፤ አለቃውንም ለምኖ ከሥራ ባልደረባ ጋር መውጣት ጀመረ።

ለዓለሚቱም ራሱ ነገራት። ልጆቹን ይዛ ዱራሜ ወንድሟ ዘንድ ሄዳ አራት ወር ቆየች። ከተመለሰችም በኋላ መኝታዋን ከልጆቹ ጋር አድርጋ ከረመች። እሱ በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ወደ ሴቶቹ ተመልሶ ወድቋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሄዶ ለዳኘ ተናግሯል።

ደርግ ወድቆ ጸሎት ቤቱ ሲከፈት ምእመናኑ ከመሪዎቹ ሽማግሌዎች አንዱ ሊያደርጉት መረጡት። ተነሥቶ አልችልም አለ፤ ለምን ሲሉት፣

«እየታከምኩ ነው» አላቸው።

ሕመሙ ምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። በሴቶች በኩል ባለው ወንበር ላይ የተቀመጠችው ዓለሚቱ አንገቷን አልደፋችም።