የምንጣፉ ዳር

አቶ ኅሩይ ጄኔቭ፣ ሜራን ሰፈር የሚኖሩ የሰባ አንድ ዓመት ጡረተኛ ናቸው። ትራም ለመሳፈር እንኳ ከረባት ያስራሉ። በጃንሆይ ዘመን የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ ሲሉ ያልሰማ የለም፤ ያጣራም የለም። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ተንበርክከው ወለል በሰም የሚወለውሉ አሽከር ነበሩ። ውሸቱ በእሳቸው ቢቀር ማን ጉዳዬ ይል ነበር? ችግሩ ልጃቸው ጽዮን ዙሪክ፣ ሆቴል ውስጥ ወለል ታጸዳለች፤ እሳቸውም የጸሐፊ ልጅ እንዴት እንዲህ ትዋረዳለች እያሉ፣ ሥራዋን ለሰው እንዳትናገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሲከለክሏት ኖረዋል።

ባለፈው ግንቦት የዙሪክና የጄኔቭ ምዕመናን አውቶቡስ ተከራይተው፣ ጣልያን ተሻግረው፣ ቶሪኖ ያለውን የድሮ ነገሥታት ቤተ መንግሥት ሊያዩ ተነሱ። ዛሬ ሙዚየም ነው። ጽዮን አባቷን ደስ ልታሰኝ ከራሷ ጋር አስመዘገበቻቸው። አቶ ኅሩይ ከዙሪክ የመጣው አውቶቡስ ውስጥ ገና ሲገቡ በሩ ላይ ቀጥ አሉ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አቶ ገረመው ነበሩ፤ እውነተኛው ጸሐፊ፣ አቶ ኅሩይ በወለወሉት ወለል ላይ በየጠዋቱ ያልፉ የነበሩት። አቶ ኅሩይ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው የኋላ ወንበር ላይ ተወሸቁ። አቶ ገረመው ዞር ባሉ ቁጥር ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያስሩ ነበር። የፈሩት ሰውየውን አይደለም፤ የልጃቸውን ፊት ነው።

ቤተ መንግሥቱ ሲደርሱ በወርቅ ከተለበጠው ጣሪያ፣ ከሥዕሉ፣ ከመስተዋቱ ምኑንም አላዩ። ዓይናቸው የአቶ ገረመውን ጀርባ ብቻ ይከተላል። የዙፋኑ አዳራሽ ሲገቡ ግን እግራቸው ሳያስፈቅዳቸው ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ሰው ሁሉ በምንጣፉ መሐል ሲያልፍ፣ እሳቸው በዳሩ፣ በባዶው ጣውላ ላይ፣ ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ሄዱ። ያኔ የወለል ሠራተኛ ምንጣፍ አይረግጥም ነበር፤ ልማዱ ሃምሳ ዓመት አልለቀቃቸውም።

አቶ ገረመው ይህን ሲያዩ ቆሙ።

«አንተ፣ የወለል ክፍሉ ኅሩይ አይደለህም?» አሉ፤ ክፋት የለባቸውም፣ ደስ ብሏቸው ነው። «እንደ መስተዋት ነበር እኮ የምታበራው።»

አቶ ኅሩይ ሊክዱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ጽዮን አጠገባቸው ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። በማጽጃ መድኃኒት የተላላጡ እጆቿን አየት አደረገች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «አማቴ ቢሮ የምሠራ እየመሰላቸው ነው የሞቱት። ላንተ ክብር ብዬ።»