ፊልማችን መርሳ ኬላ ላይ ሲገመገም

ጦርነቱ ወልዲያ ደጃፍ ደረሰ ሲባል የሸሸን ቀን ነው... መርሳ መግቢያ ላይ ዱላና ክላሽ የያዙ ጠባቂዎች ከሚኒባሱ አስወረዱንና ላፕቶፔን አስከፈቱኝ።

ስክሪኑ ላይ ማን ቢኖር ጥሩ ነው? ጓደኛዬ ኑሩ። ካፖርት ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ፣ ሽጉጥ ይዞ። ራሱ ኑሩ ደግሞ አጠገቤ ቆሟል።

«ፊልም ነው፤ ሽጉጡ የልጆች መጫወቻ ነው» አልኩ።

እውነቴን ነው። የድሮ የፈረንሳይ የወንጀል ፊልሞች ፍቅር ይዞን ከጦርነቱ በፊት በእነሱ መንገድ የሠራነው አጭር ፊልም ነው። እኔ ቀረፅኩ፣ እሱ ተወነ። ነፍሰ ገዳዩ አይስቅም፣ አይናገርም... ዝም ብሎ ይሄዳል። ወልዲያ ላይ ለመምህራን ባልደረቦቻችን ስናሳየው «ዝምታው ራሱ ይናገራል» ተብሎ ተጨብጭቦልናል። በተለይ መርሳ አስፋልት ዳር የቀረፅናት ትዕይንት ተወደደች። ኑሩ ሲያልፍ አንድ ሽማግሌ ከኋላው እጃቸውን እንዳነሱ ይቀራሉ። «የሰው ልጅ ብቸኝነት በአንድ እጅ!» ያለም ነበር።

የኬላው ገምጋሚዎች ግን አላጨበጨቡም።

«ሻይ ቤት ሲገባ ለምን ሰላም አይልም?» አለ አንዱ።

«የፈረንሳዮች ስታይል ነው» አልኩ።

«ፈረንሳይ እዚህ ምን ትሠራለች? የወሎ ሰው ሰላም ሳይል ቤት አይገባም። ይሄ ፀጉረ ልውጥ ነው።»

የኑሩን ክንድ ያዙት። በዚያ ሰሞን ፀጉረ ልውጥ የተባለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም ሰምተናል። መታወቂያው የወልዲያ ነው፤ ጠባቂዎቹም ከገጠር የመጡ ናቸው፣ አያውቁትም።

«ወላሂ የመርሳ ልጅ ነኝ። ሼህ እንድሪስን ጠይቁ፣ የአባቴ ጎረቤት ናቸው» አለ ኑሩ።

ሰው ተላከ። እኔ ላፕቶፔን ታቅፌ ከመቆም በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። በጣም ፈርቼ ነበር።

ሼህ እንድሪስ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ጠባቂዎቹ «ይሄን ሰው ያውቁታል?» ብለው ፊልሙን ከፈቱላቸው። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳረፉ።

«ይሄ እኮ እኔ ነኝ... ሱቁ ደጃፍ ተቀምጬ። የመሐመድ ልጅ መጣ ብዬ እጄን አነሳሁለት፤ አይቶ እንዳላየ አለፈኝ። ምን አስቀይሜው ይሆን እያልኩ ከረምኩ።»

ጠባቂዎቹ ተያዩ። ክንዱን የያዘው ይበልጥ አጠበቀ። ኑሩ አንገቱን ደፋ።

ሼሁ ወደ ኑሩ ዞሩ። «በል አሁን ሰላም በለኝ።»

ኑሩ ጉልበታቸው ላይ ወድቆ «አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ» አለ። እያለቀሰ ነው። እሳቸውም እንደ ወጉ የእናቱን ጤና፣ የእህቶቹን፣ የወልዲያን ዝናብ አንድ በአንድ ጠየቁት። ሰላምታው ሳያልቅ ክንዱ ተለቀቀ።

«ይሄ ልጃችን ነው» አሉ ሼሁ፣ «ያንን ፊልም ላይ ያለውን ግን አላውቀውም።»

ፊልሙ ዛሬም አለኝ... እጃቸው ብድግ ስትል ግን አጠፋዋለሁ።