ወንድሜ ለራሱ ብቻ የተጫወተው

ወንድሜ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበር። እኔ ግን ሲጫወት በደንብ ሰምቼው አላውቅም። ይህን ለሰው ስናገር ይገርማቸዋል፤ ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ነው የተኛነው። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

ቤታችን ኖርዌይ፣ ቬስትሊ የሚባል ሰፈር ነው፣ ባቡሩ ከሚያበቃበት ጣቢያ አምስት ደቂቃ፣ አራተኛ ፎቅ። ወለሉ ስስ ስለሆነ ከታች ያሉት ሴትዮ ሁለት ጊዜ ለቤቶቹ ማኅበር ደብዳቤ ጻፉብን። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሳሎን ያለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነበር የሚጫወተው። ሙዚቃው ለእሱ ነው። ለእኛ የሚደርሰን የቁልፎቹ ኳኳታ ብቻ። እማዬ ከጽዳት ሥራዋ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ፦

«አናጺው ገብቷል?» ትለኛለች።

«ያ፣ ገብቷል» እላለሁ፤ በኖርስክ፣ በአገሩ ቋንቋ፣ አዎ ማለት ነው።

«ዛሬስ ቁም ሳጥኑን ጨረሰው?»

እሱ አይሰማንም። ጆሮው ተደፍኗል።

ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወትባቸው ክለቦች ነበሩ። እኔ ያኔ አስራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ በዕድሜ አያስገቡኝም። እማዬ ደግሞ መጠጥ ቤት አትገባም።

ያየሁትን ልናገር። ሰምቼ ባላውቅም አይቻለሁ። አረጋውያን በሚጦሩበት ሲከየም የጠዋት ተራ ሠርቶ ከሰዓት በኋላ ይገባል። ይታጠባል። ፒያኖው ፊት ይቀመጥና እጆቹን ጭኑ ላይ ያደርጋል። ምንም አይነካም። ትንፋሹ እስኪረጋ ነው የሚጠብቀው፤ አንዳንዴ አምስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ አስር። መጀመሪያ ሰሞን የሚጸልይ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አራት አምስት ኖታ ብቻ፣ በጣም ቀስ ብሎ። ትከሻው ከፍ ካለ ወይም መንጋጋው ከጠበቀ ያቆማል። ይነሳል፣ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንደገና እጁን ጭኑ ላይ።

«ስትሳሳት ለምን ደጋግመህ አትመታውም?» አልኩት አንድ ቀን። እኛ ኳስ ላይ እንደዚያ ነበር የምንሠራው።

«ስህተቱን ብደጋግመው ጣቴ የሚማረው ስህተቱን ነዋ።»

«ታዲያ ዝም ብለህ ቁጭ ስትል ምን ትሠራለህ?»

«እሰማለሁ።»

«ምኑን? ምንም አልነካህም እኮ!»

«እሱን ነው የምሰማው። አንተ ደግሞ፣ ሂድና የትምህርት ቤት ሌክሰርህን ሥራ። ነገ ፈተና አለብህ።»

በልምምዱ መጨረሻ አንዴ ብቻ ይቀዳ ነበር። ፒያኖው ራሱ ይቀዳል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ይይዛል፣ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይጠፋል። ከተዘጋ ያለውም ይጠፋል። አሮጌ ዕቃ ነው። ስለዚህ በርቶ ነበር የሚያድረው። ማጥፊያው ላይ ከሥራ ያመጣውን የቁስል ፕላስተር ለጥፎበታል። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ አውቅ ነበር።

ሁለት ሺህ ስምንት ነው፣ መኸር። አንድ ዜማ ይዞ ነበር። እማዬ ልብስ ስትተኩስ ሳይታወቃት የምታንጎራጉራት አለች፣ ቃል የላትም። ከእሷ ነው የወሰደው። ሦስት ወር ሌላ አልነካም።

«አሰማኝ» እለዋለሁ።

«ገና ነው።»

«ለእሷስ? የእሷ ዜማ እኮ ነው።»

«ገና ነው አልኩህ።»

ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁንም ያናድደኛል። አንድ ሰው የእናቱን እንጉርጉሮ ወስዶ ጆሮው ውስጥ ይቆልፍበታል?

ኅዳር ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ እሱ ራሱ መጣ። «እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ ማዳመጫውን ነቅዬ አሰማችኋለሁ። ከታች ያሉትን ሴትዮም አስፈቅጃለሁ» አለኝ። ዓርብ ጠዋት ሥራ ቦታው ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ወደቀ። ልቡ ነው አሉን። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ታሞ አያውቅም።

ቅዳሜ ቤቱ በለቀስተኛ ሞላ። ከሌሎቹ ሰፈሮች፣ ከሊንደበርግም ከፕሪንስዳልም መጡ። ከቤተ ክርስቲያን የሚታጠፉ ወንበሮች መጡ፣ መዘርጊያ ቦታ ግን የለም። የእድሩን ሰብሳቢ ጋሼ ነው የምንላቸው። እዚህ አገር ስንገባ የተቀበሉን እሳቸው ናቸው፣ ለእማዬ ሥራ ያገኙላትም እሳቸው። ደግ ሰው ናቸው። ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ፒያኖውን አዩት፦

«ይሄን ምድር ቤት፣ ዕቃ ማስቀመጫው ቦዱ ውስጥ አስገቡት። ለቅሶ ቤት ውስጥ የዘፈን ዕቃ መብራቱ በርቶ ይቀመጣል እንዴ?»

«ጋሼ፣ እሱ አይዘጋም» አልኩ።

«አይዘጋም ማለት?»

«ማለቴ... ከተዘጋ...» ቃሉ አልመጣልኝም። በኖርስክም የሚመጣልኝ አይመስለኝም።

«የኔ ልጅ፣ ሰው ቆሟል። ንቀለውና ተሸከም።»

ሰው ሁሉ ያየኛል። ሁለት ደቂቃ ለምኜ ማስረዳት እችል ነበር። አላስረዳሁም። ታላቅ ሰው ፊት ያውም ለቅሶ ላይ ክርክር የለም፣ እንዲያ ነው ያደግነው። ግን በዚህ ብቻ አላመካኝም። ሶኬቱ አጠገብ ስንበረከክ በልቤ «ገና ነው ስትል ከረምክ፤ በቃ፣ ይኸው» አልኩት። ወንድሜን ነው እንዲህ ያልኩት፣ ገና ሳይቀበር።

ነቀልኩት። ቀዩዋ መብራት ጠፋች። ከሁለት ሰው ጋር ተሸክመን አወረድነው። በቦታው ስድስት ወንበር ገባ።

ከአርባው በኋላ አብሮት ቤዝ የሚጫወት ኖርዌጂያዊ ልጅ መጣ። እማዬ ያቀረበችለትን ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ጨረሰ። አብረው የተማሩበት የሙዚቃ ትምህርት ቤት መታሰቢያ ሊያዘጋጅ ነው፣ አዲሱን ሥራውን ሊጫወቱለት ይፈልጋሉ። ለእነሱም አሰምቷቸው አያውቅም። «ፒያኖው ላይ ቀድቼዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለኝ በኖርስክ።

«ምን ይላል?» አለች እማዬ።

«አዝኛለሁ ነው የሚለው።»

ወረድን። ሰካሁት። ባዶ ነው። ልጁ ሦስት ጊዜ ሞከረ፣ እንደገና አጥፍቶ አበራው።

«ራሱ አጥፍቶት ይሆናል። እሱ እንደዚያ ነው፣ ካልረካ አያስቀምጥም» አለ በመጨረሻ።

«ያ» አልኩ። «እንደዚያ ነው።»

ይህች ቃል ለእማዬም ደረሰች። ልጁ ሲሰናበታት ከወንድሜ በለቀመው የተሰባበረ አማርኛና በኖርስክ፣ በእጁም እያሳየ ነገራት። ከዚያ በኋላ ለመጣው ሁሉ «ልጄ ታይታ አይወድም ነበር፤ ሥራውን ራሱ አጥፍቶ ሄደ» ትል ጀመር። ስትለው ደግሞ አንገቷን ቀና ታደርጋለች። የበረዶውን ወራት በሙሉ ይህን ሰማሁ።

በረዶው ሲቀልጥ አካባቢ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ዝም ብላ። እሱ ከሞተ ጀምሮ ዝም ብላ ነው የምትተኩሰው።

«እማዬ፣ ድሮ ስትተኩሺ የምታንጎራጉሪያትን እስቲ በያት።»

«የቷን?»

«ያቺ ቃል የሌላት።»

አሰበች። ከልቧ ነው ያሰበችው። «እኔ አንጎራጉራለሁ እንዴ?» አለችኝ።

እኔ ልጀምርላት ሞከርኩ። ድምፄ የትም አልሄደም። ስንት ዓመት ሙሉ ስሰማት የኖርኩትን አንዲት ዜማ አላውቃትም። ከእኛ ሦስት ሰዎች ያወቃት እሱ ብቻ ነበር።

ያኔ ነገርኳት። ፕላስተሩን፣ ሶኬቱን፣ በልቤ ያልኩትን፣ ሁሉንም። ያኔ እንድትመታኝ ፈልጌ ነበር። ካውያውን አቁማ አዳመጠችኝ። ከዚያ ሸሚዙን አገላብጣ ዘረጋችው፤ የእኔ ሸሚዝ ነው።

«ለጋሼ እንዳትነግራቸው» አለች። «ካወቁ ያዝናሉ።»

ስለ እኔ ምንም አላለችም። ከዚያ ቀን በኋላም። ልጇ ሥራውን ራሱ አጥፍቶ እንደሄደ ግን መናገሩን አልተወችም፤ አሁን ስትናገር እኔን አታየኝም።

አልነገርኳቸውም። በየበዓሉ ይመጣሉ፣ ግንባሬን ይስማሉ። «ምናለ አንድ ነገር እንኳ ቢተውልን» ይሉኛል፣ ከልባቸው ነው።

«አዎ፣ ጋሼ» እላቸዋለሁ።